ዱካ ጠራጊ

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ቂርያት ጋት በአቧራ፣
ዱቄቴን ሳላራግፍ ከልጆቹ ተራ
ተቀምጫለሁኝ፤ ሃምሳ ሞላ ዕድሜዬ፣
ከዋፈር ማሸጊያው መጣሁ በቀጥታዬ።
መምህርቷ ራኢሳ፣ ከኦዴሳ የመጣች፣
ሰሌዳው መሃል ላይ አንድ ቃል አሰጣች።
«ትሬስ» አለች፤ ጠመኔዋ ተሰበረ፣
አንዱ ቃል ብቻውን ብዙ ሰው ነበረ።

ዱካ ነው፤ መሬት የረገጣትን ስትናገር።
መከተል ነው ደግሞ፣ የረጋጩን እግር።
ስስ ወረቀት ዘርግቶ፣ ከሥር ያለን ሥዕል
ጣት ሳይስት መገልበጥ፣ እንደ ልጅ ፊደል።
ፖሊስ ስልክ አሳድዶ «ከየት ነው?» ሲል፣
ሐኪም ሽንት አይቶ «አለ፣ ግን ኢምንት» ሲል።

እኛስ? ብዬ ቆጠርኩ፤ ዱካ፣ ፋና፣ ኮቴ፣
አሻራ፣ ርዝራዥ፣ ፈለግ፣ የእናት የአባቴ።
«ፈለግ» ላይ ስደርስ ግን አፌ ይደናቀፋል፣
ከ«ፈለገ» ጋራ እግሩ ይጠላለፋል።

ለካ ይህን ቃል አውቀዋለሁ! በቀን አራት ሺህ ጊዜ
በጓንቴ ሥር ያልፋል፣ እኔ በድንዛዜ፤
በካርቶኑ ጎን ላይ፣ በጉንዳን ፊደል፣
«የለውዝ ርዝራዥ ሊኖርበት ይችላል» ይላል።
ለውዝ አልገባበትም።
ማሽኑ ግን ትናንት ለውዝ ሲፈጭ አድሯል።
በፈላ ውሃ ታጥቧል፣ ተወልውሏል፣ ደርቋል።
ያም ሆኖ ይችላል።

የበሩ ዘበኛ ዑዳ፣ ከራሃት ማዶ፣
ሠላሳ ዓመት ወሰን ላይ ዱካ ሲያነብ ኖረ፣ በየንጋቱ ማልዶ።
በአጥሩ ሥር ማንም የማይሄድበት መንገድ አለ፤
በየማታው ትራክተር አሸዋውን እየጎተተ እየደለደለ
ያድራል። «የሚጠረገው ሊጠፋ አይደለም» አለኝ፣ «እንዲታይ ነው፤
ኋሊት የሚራመደውን ተረከዙ ያወጣዋል፣
ሸክም ያለው ይሰጥማል፣ የፈራው በጣቱ ይቆማል።»
ሳቀ። ሻዩን ጨለጠ።
እኔ አልሳቅሁም።

እኔም ጠራጊ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ።
ወደ ሱዳን ሌሊት ሌሊት ስንጓዝ፣ ከሰልፉ ጭራ እናቴ
የግራር ቅርንጫፍ አስያዘችኝ።
«ጥረግ፣ ልጄ፤ ሽፍታ እንዳያገኘን፣
አንዲት ጣት እንኳ አታስቀር።»
አላስቀረሁም።
እሾሁ መዳፌን ሲበላኝ ቅርንጫፉን ወደ ግራዬ እያዛወርኩ፣
አሸዋውን እንደ ሰርግ ቤት ደጃፍ አሳመርኩ።

ታላቄ ተገኘ፣ አሥራ አራት የሞላው፣
ውሃ የጫነች አህያ ጠፍታብን ወደ ኋላ ተመለሰ።
«ዱካችሁን አይቼ እደርስባችኋለሁ» ብሎ ነበር አሉ።
ለእኔ የነገረኝ የለም።
ወይም ነግረውኛል፤ እንቅልፍ ነበረብኝ፤
እየተኛሁ እሄድ ነበር፣ እጄ ግን ይጠርግ ነበር።

አህያዋ በሦስተኛው ቀን ብቻዋን መጣች።
ተገኘ ጠፋ።
ስም ያወጣለት ሰው ካለ ይስማ፦ ተገኘ ጠፋ።

«ያለ ትሬስ፣» እያለች ነው ራኢሳ፣
«ማለትም፣ ምንም ሳይተው መጥፋት።»
ልጆቹ ጻፉ። እኔ መጻፌን እንጃ።
«አሁን ሁላችሁም በቃሉ አንድ ዓረፍተ ነገር!»
ሰዓቷን አየች። የመጨረሻው አውቶቡስ ሊያመልጣት ነው።

ከካርቶኑ ተበድሬ፣ ቀስ ብዬ፣ በእንግሊዝ ፊደል፦
«በዚህ ሰው ውስጥ የተገኘ ርዝራዥ ሊኖር ይችላል።»

አጎንብሳ አነበበች። ጣቷን አንድ ቃል ላይ አኖረች።
«ይሄ ምንድን ነው?»
«ስም ነው።»
«ስም ከሆነ በትልቅ ፊደል ይጀመራል» አለችና
በቀይ እስክሪብቶዋ የመጀመሪያዋን ሆሄ አሳደገቻት።
«በእኛ ፊደል» አልኳት፣ «ታላቅ ታናሽ የለም።»