አርባ አንደኛው ሰው

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ፣
ጎህ ሳይቀድ ነው ከቤት እኔ የምወጣ።
አርባ አንድ ሰው ጭኜ፣ ከቶሮንቶ ወዲያ፣
በአራት መቶ አንድ፣ ያለ ብዙ ማቆሚያ፣
ሦስት ሰዓት ነድቼ ጋናኖክ ስደርስ፣
በሩን ከፍቼ ነው እፎይ የምተነፍስ።

ግንቡን አውቀዋለሁ፤ ግን በጓሮ በኩል፦
የወጥ ቤቱን ጭስ፣ የተጣለ በርሜል፣
ቧንቧው በፈነዳ የሚጠራውን ሰው፣
ጫፉ ላይ ባንዲራ፣ ንፋስ የጨረሰው።
ፊት ለፊቱንማ ትኬት ለቆረጠ፤
ሹፌር ከመሪው ጋር ዳቦውን ገመጠ።

አስጎብኚዋ ዊኒፍሬድ ጉልበቷን ታማለች፤
ማይኩን ስትጨብጥ ወጣት ትሆናለች።
«ይህ ግንብ» ትላለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ስምንት መቶ ዓመት ያየ፣ ክረምትና በጋ፤
ከፈረንሳይ አገር፣ ድንጋይ በድንጋይ ፈርሶ፣
ቁጥር ተጽፎበት፣ በመርከብ ላይ ደርሶ፣
አንድም ሳይጎድልበት፣ አንድም ሳይጨመር፣
ያው እንደ ጥንቱ ነው የቆመው በመስመር።»
በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ሰማሁ፤
ትኩሳት ሲይዘኝ እሱን ቀባጠርሁ።

ያን ዕለት በሐምሌ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሞልቶ፣
አርባ ሰው ቆጠርሁኝ፤ አንድ ሰው ጠፍቶ።
ወንበር አሥራ አራት ላይ ባርኔጣ ብቻውን፤
ቆጥሬ፣ ቆጥሬ አጣሁት ሰውየውን።
ዊኒፍሬድ ጉልበቷን አሸት አሸት አድርጋ፣
«አንተ ግባ እስቲ፤ ለእኔ ደረጃው አደጋ።»

ገባሁ።

እንዴት ያለ ቅዝቃዜ! በሐምሌ መካከል፣
እንደ ጉድጓድ ውኃ የሚያርስ አካል።
ቅስቱ ሹል ነው፤ ሁለት መዳፍ ገጥሞ
ሊጸልይ ሲል ቃል ጠፍቶት እንደቀረ ቆሞ።
መስኮቱ ቀይና ሰማያዊ ይረጫል፤
አቧራማ ጫማዬ የንጉሥ ጫማ ይመስላል።
ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ፣
ይህን አላየሁም!
ተናደድሁ በዐቅሜ።

ስድሳ ሰባት ደረጃ፣ ዙሪያ ጥምጥም ያለው፤
ቆጥሬዋለሁ፤ ሹፌር የማይቆጥር ማነው?
ከማማው ወገብ ላይ፣ ከጠባብ መስኮት አጠገብ፣
ሽማግሌው ቆሟል፣ ጣቱ ግድግዳ ሲያነብ።
«ሚስተር ቦሁሚል፣ ሰው ይጠብቃል» አልሁት።
አልሰማኝም። ወይም ሰምቶኛል።

«ና ወዲህ» አለና እጄን ይዞ ሳበ፣
ከድንጋዩ ጥግ ላይ ጣቴን አስነበበ።
ትንሽ ዓሣ ትመስላለች፣ ጭራ የሌላት፤
«የእኔ መሮ ነው» አለኝ፣ «ይህችን የቀረጻት።
በሥልሳ አንድ ክረምት ይህ ግድግዳ ወድቆ፣
ባለቤቱ ጠራን፣ ወሬው እንዳይወጣ ተጨንቆ።
አዲሱን ድንጋይ አሮጌ ለማስመሰል፣
ሽበት ያውጣ ብለን እርጎ፣ ጥቀርሻ፣ ከሰል
ቀባነው በብሩሽ። ከዚህ» አለ እየጠቆመ፣
«እስከዚያ፣ ስምንት መቶ ዓመት አይደለም የቆመ።
እኔን በሃያ ሁለት ዓመት ነው የሚያንሰኝ፤
ዛሬ ግን እንደ እንግዳ ትኬት አስቆረጠኝ።»

«ዓሣዋስ?»
ዝም አለ። ጣቱን ከድንጋዩ አላነሣም።
«ሊድሚላ ዓሣ አትወድም ነበር፤ ላበሽቃት ብዬ ነው።
ጭራው ሳያልቅልኝ ደወል ተደወለ፤
ለነገ አልሁት። ያው ነው።»

«ለዊኒፍሬድ እንንገራት?»
ከት ብሎ ሲስቅ፣ ሳል መጥቶ አቋረጠው፤
«ቃሏም ግንብ አይደል ወይ? ለምን እናፍርሰው?»

ወረድን።
ስድሳ ሰባቱን በትከሻዬ ተደግፎ ቆጠረ፣
በማላውቀው ቋንቋ፤ አንዱን ዘለለ መሰለኝ።

ቤልቪል ስንደርስ ዝናብ ወረደ፤
መስኮቱ ሁሉ ጉም ለበሰ።
ዊኒፍሬድ ማይኳን ይዛ፣ «አንድም ሳይጨመር» ስትል፣
በመስታወቴ ወንበር አሥራ አራትን አየሁ፦
ባርኔጣው ዓይኑ ላይ ተደፍቷል፤ የተኛ ይመስላል፤
አመልካች ጣቱ ግን፣ ከመስኮቱ ጉም ላይ፣
ለአንዲት ትንሽ ዓሣ
ጭራ ይሥልላታል።