ሦስት ስምንተኛ

አባቴ አልበረረም፣ አንድ ቀን ለአመል፤
የሚያውቀው ሆዷን ነው፣ የአውሮፕላኗን አመል፦
ስትነሣ ስታስል፣ ዘይት ስታነባ፣
ብርድ ሲገባባት፣ አቧራ ሲገባ።

ሉቃ ሜዳ ዳር ላይ፣ በማልታ ደሴት፣
በቆርቆሮ ካብ ውስጥ፣ ድንጋይ በሞላበት፣
ባሕሩ ተዘግቶ መርከብ በጠፋበት፣
ለሰው በቀን ቁራሽ ዳቦ በሚሰፈርበት፣
ዊስቲን ካሜንዙሊ፣ የድንጋይ ጠራቢ ልጅ፣
መሮ የለመደ ሁለት ሻካራ እጅ፣
«ና፣ ሞተር ፍታ» አሉት።
ፈታ።

ቤንዚን በጣሳ ነው፣ ከሰው እጅ ለሰው፣
በጨርቅ እያጠለሉ፣ ለጠብታ ሳስተው።
መለዋወጫ የለም። የወደቀች ካለች
ለቆመችው ሆና በየብልቷ ሄደች፦
ካንዴላዋ ለአንዷ፣ ጎማዋ ለሌላ።
ሬሳ እንዳገኘ አሞራ፣ እንደሚበላ፣
ይዞሯታል አሉ ሌሊቱን በሙሉ፤
ሲነጋ፣ ሦስት ሙታን አንድ ሕያው ያህላሉ።

ከወንበሯ ላይ ደም መጥረግም ሥራ ነው።
ይህን ለእናቴ እንኳ አንዴ ነው የነገረው።

ከዚያ መዝገብ አለ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ስም።
«አይቻታለሁ» ብሎ አባቴ ሲፈርም፣
ከሥሩ አብራሪው እርሳሱን ተቀብሎ
ይጽፋል ስሙን፣ ነፍሱን በሰው ቃል ላይ ጥሎ።

ሄደርሊ ይባላል። ሃያ አንድ ነው ዕድሜው፤
ከንፈሩን ፀሐይ ልጦ ያቆሰለው።
«ዊስቲን፣ ደህና ነች?» አለ።
«ደህና ነች» አለው።
አራት ተነሥተው ነበር ያን ቀን።
ሦስት ገቡ።

አባቴ ሳይቀመጥ መሣሪያውን ቆጠረ፤
ካቻቢቴው አለ፣ ፒንሳው ነበረ፤
መፍቻዎቹን በጨርቅ ላይ በተራ ደርድሮ
እንደ ገና ቆጥሮ፣ እንደ ገና ቆጥሮ፣
ሦስት ስምንተኛዋ የለችም።

የት ጣላት? ከካቡ? ከጭቃው? ከሣሩ?
ወይስ ከሞተሯ፣ ከመሪው ሽቦ ሥሩ
ተጋድማ ቀረችና…
ይቺን ዓረፍተ ነገር ሲጨርሳት አልሰማሁም።

ጦርነቱ አለቀ። ጋዜጣው ለአብራሪ፣
ሐውልቱም ለአብራሪ። አባቴ፣ ብሎን አጥባሪ፣
ሳፊ መንደር ገብቶ ጋራዥ ከፈተበት፤
ከግድግዳው ላይ ጣውላ መታበት፣
የየመፍቻውን ጥላ በቀይ ቀለም
ዙሪያውን ሣለ፤ አንዱንም አልረሳም።
የጠፋችውንም ሣላት።

ደንበኛ ሲጠይቅ፣ «እዚህ ምን ነበር?» ሲል፣
«አንድ ልጅ ወሰዳት» ይላል፣ ጎማ ሲያገላብጥ፣ ብሎን ሲፈታ፣ ቀና ሳይል።
እኛ የሰፈር ሌባ መስሎን
ስንቱን የጎረቤት ልጅ ጠረጠርን!

በአርባ አንደኛው ዓመት መንገድ ሲቀየስ፣
ያ የቆርቆሮ ካብ በዶዘር ሲፈርስ፣
አንድ የቀን ሠራተኛ፣ ከዝገት ክምር ውስጥ
መፍቻ አገኘና ይዞ መጣ፣ ሊሸጥ።

ሦስት ስምንተኛ!

እናቴ አማተበች። እኔ እንባዬ መጣ።
አባቴ ግን ዋጋ አልተከራከረ፣ ቃልም አላወጣ፤
ከናፍታ ጣሳ ውስጥ አንድ ሌሊት ነከራት፣
በማለዳ ተነሥቶ በሽቦ ብሩሽ አሻት።
ከእጀታዋ ጫፍ ላይ ሁለት ፊደል ታየ፣
በምስማር የተጫረ። ወደ መስኮቱ ወስዶ አየ።
መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ።

«የእኔ አይደለችም» አለ። «የሌላ ሰው ናት።»
ብዙ ቆየና፦
«እሱም ቆጥሯል ማለት ነው።»

ከባዶው ሥዕል ላይ የሚሰቅላት መስሎኝ ጠበቅሁ።
ዘይት ቀባት፣ ጎኑ አዲስ ምስማር መታ፣
ለብቻዋ ሰቀላት፣ ያለ ጥላ፣
ባለቤቷ እንደሚመጣ ሁሉ፣ ነገ ወይ ማታ።

አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው።
ጋራዡን ሸጠናል፤ ጣውላው እኔ ቤት ነው።
እንግዳ ይጠይቃል። እኔም እንደሱ እላለሁ፤
ቀዩ ቀለም ሲለቅ
መልሼ እቀባዋለሁ።