ትሪ የያዘ እጅ

ሙሐረቅ፣ ነሐሴ፣ ከባሕሩ አጠገብ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ ያልበዋል እንደ ሰው ግንባር፣ ሲነጋ ሲመሽ ሳይለይ፤
እጠርገዋለሁ፤
ዞር ስል መልሶ ያልበዋል፤ መልሼ እጠርገዋለሁ።

ደላል ነገ ፈተና አለባት፤ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ካርታ ትቀባለች።
(ስሟን ስጠራ ምላሴን ይይዘኛል፤
እዚህ ከላከኝ ከሐርቡው ደላላ
የምትለየው በአንድ ፊደል ነው።
ልጅቱ ግን ደግ ናት፤ ስሙ ነው የሚከብደው።)

አሜሪካን ከፍላዋለች፤ ላዩን በሰማያዊ፣ ታቹን በቀይ እርሳስ፤
መካከሉ ነጭ ነው፣ ሰፊ ነው፣ እንደ ታጠበ ልብስ።
"ይኸኛውስ?" አልኳት፣ ከአጠገቧ ብርጭቆ ሳነሳ።
"አዲስ ግዛት ነው። ባሪያ ይግባ አይግባ የሚል ጠብ ተነሳ፤
ከሩቅ ማንም አይዘዝ ተባለ፤
የሰፈረበት ሰው ድምፅ ሰጥቶ ይወስን፤
ሥልጣን የሕዝብ ይሁን።"

ሥልጣን የሕዝብ! ማር የተቀባ ቃል፤ ማን ይጠላል?
ልስማማ ምንም አልቀረኝም፤ ራሴ እሺ ብሎ ነቅንቋል።
ግን "ሰፋሪ"ን ወደ ቋንቋዬ ስመልሰው ለሁለት ተሰነጠቀብኝ፤
አንዱ ጎጆ ቀልሶ መሬት ላይ ይሰፍራል፣
አንዱ ቁና ይዞ እህል ይሰፍራል።
እነዚያ ሁለቱንም ነበሩ፤
በመሬቱ ሰፈሩ፣
ሰውንም ሰፈሩ።

"የሚሸጡትስ? እነሱ ድምፅ ሰጡ?"
እርሳሷን ነከሰች። ገጽ ገለጠች፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ።
"እነሱማ… እነሱ ጥያቄው ናቸው። መልስ አይሰጡም።"
ቆየችና፣ "ደግሞ ለፈተና አይመጣም።"

ባለፈው ረጀብ፣ ሐሙስ ማታ፣ እራት ተነስቶ፣
የቤቱ ጌታ ወደ ትራሱ ተጠግቶ፣
"በዚህ ቤት አምባገነን የለም" አለ፣ እየሳቀ፤
"ሠራተኛዋ ዓርብ ዓርብ ትውጣ አትውጣ፣
ኑ እንምከር፤ የደገፈ እጁን ያውጣ።"
ደላል አወጣች፤
ትንሹ ወንድሟም፣ ከረሜላ ታመጣልኛለች ብሎ።
የአባት፣ የእናት፣ የአያት እጅ ጉልበት ላይ ዋለ፤
ሦስት ለሁለት። "ይኸው፣ አለቀ" አለ።
ቆጠራው ንጹሕ ነበር፤ ማንም አላጭበረበረ።
እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤
አምስት ብርጭቆ ሻይ፣ አንድ ትሪ፣ ሁለት እጅ።
ባወጣው ሻዩ ይፈስ ነበር፤
ምንጣፉን ደግሞ የማጥበው እኔው ነኝ።

እኛ ዘንድ ሰው ሲመርጥ የሚሰጠው፣ ሲጣራ የሚያሰማው፣
ስሙ አንድ ነው፤ ድምፅ ነው።
በዚህ ቤት የተማርኩት የመጀመሪያው ትእዛዝ፦
"ድምፅ አታሰሚ።"

ቆሻሻ ልጥል ስወርድ፣ ከሱቁ ደጃፍ ሽማግሌው ማርጃን አለ፤
መልኩ የኔ፣ ንግግሩ የነሱ።
አያቱን ከባሕር ማዶ አምጥተው፣
አፍንጫው ላይ መቆንጠጫ፣ እግሩ ላይ ድንጋይ፣
ለዕንቁ ያሰጥሙት ነበር፤
ስሙንም ባለ ጀልባው ነው ያወጣለት፣ የባሕር ጌጥ ብሎ።
"ይጥለቅ አይጥለቅ ማን ይወስን ነበር?" አልኩት።
"ይመካከሩ ነበር እንጂ! አዛዡ፣ ገመድ ያዡ፣ ዘፋኙ ሳይቀር።
አያቴን የጠየቀው የለም።
ባሕሩን ነበር የሚጠይቁት፣ ረጋህ ወይ ብለው።"

እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ደላል ጠራችኝ፤
ነጩ አሁንም ነጭ ነው።
ሁለት እርሳስ ዘረጋችልኝ፤ "የቱን ልቀባው?"
ሁለት ዓመት ከአራት ወር፤
"የቱን" ስባል ያ የመጀመሪያዬ ነበር።
እጄ ከሳሙና ነው የመጣ። ጣቴን ላሳያት ነጩ ላይ ሳሳርፍ፣
ከሳሎን ተጠራሁ፤ ሻይ።
ሄድኩ።

ጠዋት ቦርሳዋን ሳዘጋጅ ካርታውን አየሁት።
ሳትቀባው ቀርታለች፤
በነጩ መሐል ወረቀቱ አብጦ ደርቋል፣ በጣቴ ልክ፣
ሐርቡ ላይ፣ ደላላው ጠረጴዛ፣
ሳላነበው ካተምኩት ውል ግርጌ እንዳለው ዓይነት።
አጥፌ ከመጽሐፉ መሐል ከተትኩት።
መስኮቱ አልቦታል።