የጉድጓዱ ቤት አምፖል

አስራ ዘጠኝ አምፖል ከሪጋ ገዝቼ፣
በባቡር ወንበር ላይ ጭኔ ላይ አኑሬ፣ እንደ እንቁላል ፈርቼ፣
ቤት ስደርስ ነው ያየሁ፦ ብርጭቆ አይደሉም፣
ከእጅ ቢወድቁ እንኳን አይሰበሩም።
ልማድ ነው ለካ፤ አምፖል ሲባል እጅ ይጠነቀቃል፣
ነገሩ ቢለወጥ ጣት የድሮውን ያውቃል።

ከቫልሚዬራ ማዶ እናቴ ቬልታ በር ላይ ቆማለች፤
ከእኔ ፊት አስቀድማ ካርቶኑን አየች።
«የድሮው ምን አጠፋ?»
«ብዙ ይበላል፣ እማ፤ መቶ ሳንቲም በልቶ
ዘጠናውን ሙቀት አድርጎ ይጥላል፣ በአስሩ ብቻ አብርቶ።»
ሻሿን አጠበቀች። «አባትህም ብዙ ይበላ ነበር፤
ልቀይረው ብዬ ገበያ አልወጣሁም» አለችና
አመጣችልኝ ወንበር።

ወጣሁበት። ስድሳውን ፈትቼ ስምንቱን ገጠምኩ፤
ከሳሎን ደረጃ፣ ከጓዳ ምድር ቤት ወረድኩ።
አሮጌዎቹ ገና ትኩስ ናቸው፤ ጣቴን ለበለቡኝ፣
ስነቅላቸው የተቆጡ መሰሉኝ።
ሚንካ፣ ከንባብ መብራቱ ሥር ዘወትር የምትተኛ፣
ብድግ አለች፣ አሸተተች፤ ሄደች ወደ ምድጃው፣
ሆነች የሌላ ቤተኛ።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ጻፍኩት፣ ዋት በዋት፣
ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት በኩራት።
እናቴ ግን መርፌና ክር አምጥታ፣
ከአዲሱ መብራት ሥር ገብታ፣
በአንድ ሙከራ አሾለከችው፣ መነጽር ሳትሻ።
«ይህስ ጥሩ ነው» አለች፤
ምስጋናዋ ያ ነበር፣ መጀመሪያና መጨረሻ።

ሊመሽ ሲል አስራ ዘጠነኛው ቀረኝ።
«የጉድጓዱ ቤት አለ» አልኩ። እሷ ዝም አለችኝ።
በጓሮ፣ የውሃ መሳቢያው ጎጆ፣ ጣራው እስከ ደረት፣
አባቴ አርቪድስ የሰቀለው አምፖል፣ ባለ አርባ ዋት፣
ከኅዳር እስከ መጋቢት ቀን ከሌት የሚበራ፣ ከቧንቧው ክርን አጠገብ።
አባቴን ታዘብኩት፦ አይጥ ነው እንዴ እዚያ የሚያነብ?
ነቀልኩት። አዲሱ ቦግ አለ፣ ነጭ፣
እንደ ቀዶ ጥገና ክፍል፣ እንደ ጨው ብልጭልጭ።

በጥር፣ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት፣
ስልኩ ጮኸ ሌሊት።
«ኡልዲስ፣ ውሃው ቆመ።» ሌላ ቃል አልጨመረች።

የሰው መኪና ለምኜ ደረስኩ ጎሕ ሲቀድ፤
ከጎጆው በር የተቆለለውን በረዶ በአካፋ ስንድ፣
ውስጡ በርቷል። ብርሃኑ ምንም አልጎደለ፤
የተሰነጠቀው ቧንቧ ነጭ ጢም አብቅሎ ተንጠለጠለ።
ጥፋቴን ለማየት መብራት አላነሰኝም።
አምፖሉን ዳሰስኩት፤
ጉንጩ ድንጋይ ነው፣ አይሞቅም።

ያ ዘጠናው፣ እኔ «ብክነት» ብዬ የጻፍኩት፣
ሠራተኛው እሱ ነበር፤ ብርሃኑን ነው በትርፍ ያገኙት።
አባቴ እዚያ የሰቀለው ምድጃ ነው፣
ማብራቱ አመሉ ነው።

እናቴ መጣች፣ በሟቹ ካፖርት ተጠቅልላ፤
ከኪሷ የሱፍ ካልሲ አወጣች፣ ከካልሲው ውስጥ ሌላ፦
ያን ባለ አርባውን። ከቆሻሻው ቅርጫት ያነሣችው ያን ማታ፣
እኔ ትርፌን ስደምር በባቡሩ ተኝታ በማታውቀው ከተማ ፋንታ።
«ታዲያ ያኔ ምነው ዝም አልሽ?» ብላት፣
«አንተ ወረቀት ነበረህ» አለች፤ «እኔ ያለኝ ካልሲ ናት።»
ቀጥላም፣ በረዶውን ከትከሻዬ እያራገፈች፦
«እንግዲህ ማን አጠፋ?»
«እኔ ነኝ፣ እማ። አጠፋሁ።»
«እንግዲያው አብራ» አለች፤
ባዶ ካልሲውን ወደ ኪሷ መለሰች።

ቤቱ ዛሬም በስምንት በስምንት ዋት ያመሻል፤
ወረቀቴም ከማቀዝቀዣው ላይ አልተነሣም፣ ጠርዙ ብቻ ሸሽቷል።
ከሥሩ በእርሳስ፣ በእሷ እጅ፣ አንድ መስመር ተጨምሯል፦
«ቧንቧ፣ ከነሠራተኛው፣ ሁለት መቶ አስር ዩሮ።»
ሚንካን ደግሞ ማታ ማታ ፈልጎ የሚያገኛት የለም ዘንድሮ፤
በረዶው ላይ ትንንሽ ዱካዋ
ከኩሽናው በር ተነሥቶ ይሄዳል ወደ ጓሮ።