አሥር ሜትር

ከአረጋውያኑ ቤት፣ ከጓሮው በር ማዶ፣
ቢጫ መስመር አለ በበረዶ ተጋርዶ፤
«አሥር ሜትር ራቁ» ይላል የሰሌዳው ቃል፤
ለበሩ ነው እንጂ ለሳንባ መች ይበቃል።

ኤድመንተን ነው፤ ጥር ነው፤ ብርዱ ቅንድብ ይልሳል፣
ያጨሰም ያላጨሰም ሲተነፍስ ይጨሳል፤
ሁሉም ካፉ ደመና በሚተፋበት አገር
ማን ጠርጥሮኝ ያውቃል? ማን አንስቶብኝ ነገር?

ለቀኝ እጄ ብቻ የተመደበ ጓንት፣
ናና ማስቲካ በኪስ፤ እንዲህ አሥራ አንድ ዓመት!
ባሌ አያውቅም አልኩኝ፤ ዕቁብተኛው አያውቅ፤
ልጄም አያውቅ። በዓለም ማን አለ እንደኔ ጥንቁቅ?
የምታውቀኝ ዳርሊን ናት፣ የአንሶላ አጣቢዋ፣
ከሳቋ ቀድሞ ደራሽ ወፍራም ነው ሳሏ፤
እሳት ስንበዳደር ቋንቋ አላስፈለገን፣
አንድ ላይተር ነው እንጂ ጎረቤት ያረገን።

ሐኪም አላስተወኝም።
ፓኮው ላይ ያለው ሥዕል፣ የጠቆረው ሳንባም፣
እንደ ቴምብር ለምጄው ዓይኔ ውስጥ አልገባም።

ክፍል አሥራ አራት ነው የሚስተር ኮስቲዩክ አልጋ፤
ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ አይለይ መሸ ነጋ።
ላቃናለት ትራሱን ጎንበስ ባልኩበት ቅጽበት
እጄን ይዞ አሸተተ፣ ጓንቱን ያወለቅሁበት።
«ኔሊ፣ መጣሽ?» አለኝ።
ኔሊ ሚስቱ ናት፤
በሳንባ ሕመም ከሞተች አሥራ ዘጠኝ ዓመት።
ምን ይባላል? «መጣሁ» አልኩት፤ እጄም እዚያው ቀረ
እንቅልፍ እስኪወስደው። ማታ፣ የቀረኝ አምስት ፍሬ
ከነፓኮው ተወረወረ።

በሦስተኛው ቀን ከልብስ ማስጫው ጋር ተጣላሁ።
በስድስተኛው ፌርማታ ላይ ቆሜ አለቀስሁ፣
አውቶቡሱ ሁለት ደቂቃ ዘገየ ብዬ።
ለማን ልናገረው? ለማን ይነገር ጉዳዬ?
ማጨሷ ያልታወቀ ሴት
መተዋን ትናገር እንዴት?
ሻማ የለው፣ ኬክ የለው፣ የተሸሸገ ድል፤
ሰውነቴ ብቻ ነው «እንኳን ደስ አለሽ» የሚል።

እሱም በራሱ ቋንቋ፦ መጀመሪያ በሳል፣
ጥቀርሻውን ሊጠርግ ከመሠረቱ ይምሳል፤
ከዚያ በእንቅልፍ፤ ከዚያ በጣቶቼ ሙቀት፤
ከዚያ አንድ ማታ፣ በማንኪያ ጫፍ፣ በጨው ጥቃት።
ቀምሼ ደነገጥሁ፦ ይህ ወጥ ነው ወይስ ባሕር?
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ሲበሉ በፍቅር
አንድ ቀን «በዛ» ያለኝ የለም፤
ሁለት ብርጭቆ ውሃ ከገበታው ዳር፣ ሁሌም።

በማግስቱ ቀንሼ ሠራሁ።
ባሌ ውሃውን አልነካም፤ አየኝ አተኩሮ፤
«መጣሽ?» አለኝ ዝግ ብሎ።
እኔ የትም አልሄድሁም፤ ቆሜአለሁ ከምድጃው ዳር።
ለካስ ያውቅ ነበር።

ከወንዙ ሸለቆ ወደ ላይ ሁለት መቶ ደረጃ አለ፤
ድሮ ሦስቴ እቆም ነበር፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ እየዘለለ፤
አላፊ አግዳሚ ሲያየኝ ማሰሪያ እንደሚያጠብቅ
አጎነብሳለሁ፣ ማሰሪያ በሌለው ጫማ፤ ኩራት መቼ ይጠየቅ!
ዘንድሮ በሰኔ ሳልቆም ወጣሁት፤
እላይ ስደርስ ነው ላቤን ያስተዋልሁት።
ልጄ ከኋላ «ቆይኝ እማ!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ፤
እስከዚያ «ቆየኝ» ባይ እኔ ነበርሁ፤ ቃሉን ለእሱ ሰጠሁ።

ለጭስ የሚሄደውን በወተት ዱቄት ጣሳ
እጥል ነበር በየቀኑ፣ አንድ ቀን ሳልረሳ፤
ኅዳር ላይ አራት የበረዶ ጎማ ሆኖ ወጣ።
«ከየት?» ቢለኝ፣ «ዕቁብ» አልሁት፤ «ዕጣ።»
የመጨረሻው ውሸቴ ነው። ይሁን። ለጎማ ነው።

ሚስተር ኮስቲዩክ ከዚያ ወዲህ ኔሊ ብሎኝ አያውቅም።
«ማን ነው?» ይላል። ይሄ አሁንም ቅር ሳይለኝ አይቀርም።
«ትርንጎ ነኝ» እለዋለሁ፣
ትራሱን አቃናለሁ።

ዛሬም ጥር ነው። ዳርሊን እዚያው መስመሯ ላይ ናት፤
እረፍቴን አብሬያት እቆማለሁ፣ ነፋስ በሚመጣበት።
እጄ አንዳንዴ ሳያማክረኝ ኪሴ ውስጥ ይገባል፤
ማስቲካ ያገኛል።
ሳሏ ሲለቃት ቀና ብላ ካፌ የሚወጣውን ነጭ ታያለች፤
«ጀመርሽ እንዴ?» ትላለች።
አይ።
ብርዱ ነው።