አይታጠብ

ሥራዬ መጻፍ ነው፣ ቁጥርና ስያሜ፣
በትናንሽ ካርድ ላይ፣ በቀጭን ቀለሜ፦
«ፋኖስ፣ ከነብርጭቆው።» «የትኬት መብሻ።»
«የመስመሩ ካርታ።»
ካርታው ግን ክብ ነው፤ የቱን ልበል መድረሻ፣
የቱን ልበል መነሻ?

የግላስጎው ባቡር ውስጥ ለውስጥ ነበረ፣
የክላይድን ወንዝ ከሥር ሁለቴ ተሻግሮ
ከተነሣበት ላይ ተመልሶ ያደረ።
ሲታመም በክሬን ነው ሽቅብ የሚወጣ፣
በሰንበት ጉድጓድ ውስጥ እንደ ወደቀ በሬ፤
ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ፣ ሆዱን ለዝናብ ሰጥቶ
በጎቫን ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ሲመጣ።

አሁን አንዱ ፉርጎ እዚህ ቆሟል፣ ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣
ናሱ እንደ አዲስ ሳንቲም፣ እንጨቱ ሰም ጠጥቶ።
ዙሪያውን ገመድ ነው። «እባክዎ አይንኩ።»
ልጆች «ይኸው ነው?» ይላሉ።
ይኸው ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ኢሽቤል ትመጣለች፣
ድሮ ትኬት ቆራጭ፣ ዛሬ ሰማንያ ሦስት፤
ገመዱን ከፍ አርጋ ገብታ ትቀመጣለች፣
ጥበቃውም አይቶ እንዳላየ ያልፋል።
ፉርጎው ፍንክች አይልም። እሷ ግን፣ ብቻዋን፣
ወደ ግራ ዘመም፣ ወደ ቀኝ ዘንበል፣
የሌለ ጎረቤት ሲገፋ ትከሻዋን።
እርጅና መስሎኝ «ውሃ ላምጣ?» ብላት፣
«ተወኝ ልጄ፣» አለች፣ «ወንዙ ሥር ያለው ጥምዝ ነው፤
ትንሽ ቆይ፣ ያልፋል።»

ደግሞ አንድ ቀን አፍንጫዋን ወደ ጣራው አቅንታ፦
«ሽታውንስ የት አደረሳችሁት?
እርጥብ ሱፍ፣ ግራሶ፣ የዋሻ እስትንፋስ፣
ከፀጉሬ ስንት ዓመት ታጥቦ ያልለቀቀ!»
መልስ አጣሁ።
ለሽታ ቁጥር የለንም።

ዛሬ በወረቀት ከረጢት ይዛ መጣች፦
ቆሞ የሚሄድ ሰው የሚይዘው የቆዳ ማንጠልጠያ፣
መሐሉ የጠቆረ።
«አሮጌው ባቡር ባበቃበት ሌሊት ያልሰረቀ የለም፤
አንዱ አምፖል፣ አንዱ የጣቢያ ሰሌዳ፣
እኔ ይቺን ፈታሁ፣ ብሎኗን በሳንቲም አዙሬ።
ሄክተር ነው የያዛት፣ ከመርከብ ሥራ ሲመለስ፤
እጁን አይታጠብም፣
የኔ ፉርጎ እንዳያመልጠው ሲሮጥ።
ሌላ ቦታ ባዶ ወንበር ሞልቶ
እዚህ ቆሞ፣ ይቺን ይዞ፣ ስንት ዙር ዞረ መሰለህ!
በኋላ አገባሁት፤ ምን ላድርግ።»

ጥላልኝ ወጣች፣ ጃንጥላም የላት።
የጽዳት ክፍሉ ሳሙናና ጥጥ ልኮ ነበር፣
መለስኩት።
በሬን ዘግቼ ቆዳዋን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ፤
ከዚያ ካርድ አነሣሁ፦

«አራት መቶ ስድስት። ማንጠልጠያ፣ ቆዳ።
በስርቆት የወጣ፣ በፈቃድ የገባ።
መሐሉ እድፍ አለው።
አይታጠብ።»