የፀጉሬ ሽታ

በማሉቲ ግርጌ፣ ከወንዙ ማዶ ላይ፣
የላስቲክ ቤት ቆሟል፣ ነጭ ደመና መሳይ።
ውስጡ ሌት የለውም፣ መብራት ነው ፀሐዩ፤
ተክሎቹ ውርጭ አያውቁ፣ ዝናብም አላዩ።

ነጭ ቱታ ለብሼ፣ ጓንት አጥልቄ፣ በዝምታ
አበባ እቆርጣለሁ ከንጋት እስከ ማታ።
ሁሉም በሚዛን ነው፣ ግራም በግራም፤
ቁጥር ያልተጻፈበት ቅጠል አይወጣም።
ዘይቱ ጠብ ይላል በመስታወት አንገት፣
ጀርመን ለሚያነክስ፣ ለማላውቀው ጉልበት።

ስሜ ሊኬሌሊ፤ በሶቶኛ እንባ፤
ጠብታ እቆጥራለሁ ከብልቃጥ ሲገባ።
በመዝገብ ካናቢስ፣ በሰፈር ማቴኮዋኔ፤
አንድ ተክል ናቸው፣ ልዩነቱ እኔ።

እናቴ ያለ ሚዛን፣ በመዳፏ ለክታ፣
በሸክላ ድስት አፍልታ፣ ከበግ ስብ ጋር አሽታ፣
ምጥ ለያዛት ጭሱን፣ ለቆየ ሳል ሻዩን፣
ሆዱ ለነፋ ፈረስ ዘሩንና ጨውን፣
ስትሰጥ ኖራለች።
«የጥፍርሽን ያህል» ትል ነበር «ነው ወዳጅ፤
የመዳፍሽን ያህል ካደረግሽው ፈጅ።»
ፈውስም ነበረበት፣ ስካርም ነበር፤
ይህን አትደብቅም እናቴ ስትናገር።

ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ምድሩ ሁሉ በረዶ፤
ፖሊስ በፈረስ መጣ፣ ዳገቱን ተራምዶ።
ከረጢቷን በደጅ አቃጠለውና
በገመድ ወሰዳት በቀጭኑ ጎዳና።
ስድስት ወር ታሰረች። ጭሱ ግን ሲተምም
ያን ሌሊት በመንደር ያሳለ ሰው የለም።

ዛሬ ፈቃድ አለ፤ ማኅተም አለ፤ አጥር አለ።
ማታ ስወጣ ሌፎሳ በሩ ላይ ይፈትሸኛል፤
ኪሴን ይዳስሳል፣ ካልሲዬን ይገለብጣል፤
ፀጉሬ ውስጥ ያደረውን ሽታ ግን ምን ያደርገዋል?

እቤት ስደርስ እናቴ፣ እግሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣
«ነይ» ትለኛለች፤ ራሴን ወደ አፍንጫዋ ስባ
ታሸተዋለች። ትስቃለች።
«ይሄ ብርድ አያውቅም። ነፋስ አልገረፈው።
ሳይታመም ያደገ ሕመምን በምን ሊያውቀው?»

«እማ» እላታለሁ፣ «አሁን እኮ ተለክቷል፤
ስንት ጠብታ እንደሚበቃ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል።
አንቺ ለአንዷ ያበዛሽው፣ ለሌላዋ ያነሰው፣
ዛሬ እንደዚያ አይሳሳትም ሰው።»
ራሷን ነቀነቀች። እውነት መሆኑን ታውቃለች፤
እጇ የከበደባትን አንዲት ወላድ አልረሳችም።

«ስንት ይሸጣል?» አለች።
የአራት ወር ደመወዜን ነገርኳት።
ዝም አለች።
በአንድ እጇ ጉልበቷን ቀስ አድርጋ ታሻለች፤
በሌላው ፀጉሬን ይዛ እስካሁን አለች።